«በቃኝ» ማለት ነውር አይደለም

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ከቄራ በጎፋ አድርጎ እስከ ጀሞ ድረስ ባሉት ሥጋ ቤቶች መቀመጫ አይገኝም። ቀይ መብራት በበራበት መስኮት ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ጎድኑ ተሰቅሏል። ደጃፉ በመኪና ተጨናንቋል፤ ቆራጩ አንዱን ትእዛዝ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል። አራት ሆነው ለተቀመጡ ሰዎች ሦስት ኪሎ ቁርጥ ይቀርባል፤ እሱ ሳያልቅ አንድ ኪሎ ጥብስ በሸክላ ይጨመራል፤ ባዶው የቢራ ጠርሙስ ጠረጴዛውን ሞልቶ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከመካከላቸው አንዱ እጁን ሰብሰብ ሲያደርግ «ብላ እንጂ! ከሰኞ ጀምሮ እኮ ሁለት ወር ሥጋ የለም» ይሉታል። ቅበላ እንዲህ ነው የሚያልፈው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ በፋሲካ ሌሊት ይኸው ነገር በየቤታችን ይደገማል።

ይህን የምጽፈው ሥጋ መብላትን ለመንቀፍ አይደለም። ዘመድ ከዘመድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው ማዕድ ላይ ነው፤ የበዓል ደስታም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳር ቤት እስከ ሃና ማርያም፣ ከጎተራ እስከ ለቡ፣ ልክ የሚባለው ነገር ከማዕዳችን እየጠፋ ነው። የጾሙን ሥርዓት አልተውንም፤ ቀኖቹን እንቆጥራለን፣ የፍስክ ዕቃውን አጥበን እናስቀምጣለን። ጾሙ ሊያስለምደን የመጣውን ግን፣ ሆድን «እስከዚህ ነው» ብሎ ማስቆምን፣ ችላ ብለነዋል። 55 ቀን ታግሦ ያንን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊያካክስ የሚነሣ ሰው ሆዳምነቱን ለሌላ ቀን አቆየው እንጂ አላሸነፈውም።

አባቶች በዚህ ጉዳይ ላይ አልቀለዱም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ምክንያቱንም አብሮ ያስቀምጣል፤ የሥጋ ምኞት ኃይሉ እንዲደክምና ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ከሁሉ በፊት የጠራው ሆዳምነትን ነው። ቁጣንና ትዕቢትን ከኋላ አመጣቸው። እኔ እንደሚገባኝ ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። ፍላጎታችን በየቀኑ፣ በየሰዓቱ የሚፈተነው በምግብ ነው። ለቀረበለት ሳህን «እምቢ» ማለት ያልለመደ ሰው ለተናደደበት ልቡ፣ ለሰው ገንዘብ ለጎመጀው ዓይኑ ከየት አምጥቶ «እምቢ» ይላል? ቤት የሚያፈርሱት ትልልቅ ጥፋቶች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ትንሹን ነገር መከልከል ካቃተው ሰው ነው።

የሙስሊም ወገኖቻችንም ትምህርት ከዚህ አይርቅም። ነቢዩ ሙሐመድ የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ የቀረውን ለትንፋሽ እንዲተው መምከራቸውን የመስጊድ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ሆኖም በረመዳን ማታ የሚዘረጋው የሳምቡሳ፣ የሾርባ፣ የጁስና የሥጋ ብዛት ያንን ሲሶ የሚያስረሳ እየሆነ መምጣቱን ሽማግሌዎቻቸው ራሳቸው ሲያዝኑበት ይሰማሉ። ስለዚህ ምክሬ ለሁላችንም ነው።

አሁን ወደ ሰውነታችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት ለቅሶ የሚገባው በዚህ በኩል ነውና። ባዶ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ምግብ ሲገባበት እየተለጠጠ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል። «ጠገብኩ» የሚለው ስሜት በደንብ እስኪሰማን 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በጥድፊያ የሚጎርስ ሰው እንግዲህ መጥገቡን የሚያውቀው ከልኩ ካለፈ በኋላ ነው።

የፋሲካን ሌሊት አስቡት። ሰውየው ወደ ሁለት ወር ገደማ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ አልቀመሰም። ቀኑን አክፍሎ ውሏል፣ ሌሊቱን ቆሞ አስቀድሷል፤ ቤቱ ሲደርስ ደክሞታል፣ እንቅልፍም ተጫጭኖታል። በአንድ ትሪ ዶሮ ወጥ ከነቅቤው፣ አይብ፣ ቁርጥ፣ ከጎኑ ጠላና አረቄ ይቀርብለታል። እስኪበቃው በልቶ፣ ከዚያም አልፎ በልቶ፣ ወዲያው ይተኛል። የተነፋው ጨጓራ አሲዱን ወደ ላይ ይመልሰውና ደረቱን ያቃጥለዋል። በሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ካለ ደግሞ ያ ሁሉ ስብ ከረጢቱን እንዲጨመቅ ያስገድደዋል፤ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻ የሚወጣ፣ ላብ የሚያስጠምቅ ሕመም ይነሣበታል። ከመጠን ያለፈ አልኮል ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ የተቆጣ ቆሽት ሆስፒታል ያስተኛል፣ አንዳንዴም ይገድላል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ከባድ ምግብ ራሱ ሸክም ነው፤ ብዙ ደም ወደ ሆድ ስለሚሄድ ልብ ፈጥኖ መምታት ይጀምራል፤ የደከመ ልብ በዚህ ሰዓት ሊሸነፍ ይችላል። በበዓል ማግስት «ትናንት ደህና ነበር፣ ሲበላ ሲጠጣ ነበር» የሚባልበትን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው።

እናቶቻችን ሐኪም ቤት ሳይሄዱ ይህን ያውቁት ነበር። በፋሲካ ሌሊት ከሥጋው በፊት የሚቀርበው ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ የተበጠበጠ ተልባ ነበር፤ አንጀት ያለሰልሳል፣ የተዘጋ ሆድ ይከፍታል ይላሉ። ቀጥሎ ትንሽ ይቀመስና ሰው አረፍ ይላል፤ ዋናው ምግብ ከነጋ በኋላ ነው። ተልባው ዛሬም በብዙ ቤት አለ። አንድ ጉንጭ ለወጉ ተጠጥቶ ወዲያው ወደ ጥሬው የሚኬድ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ጥበብ ባዶ ወግ ሆኖ ይቀራል።

የአንድ ሌሊቱ አደጋ ይታያል፤ የከፋው በዝግታ የሚመጣው ነው። ሥጋ ከቢራ ጋር የሚያዘወትር፣ ዱለትና ጉበት የማይለየው ሰው ደሙ ውስጥ ዩሪክ አሲድ ይከማቻል፤ አንድ ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት አብጦና ቀልቶ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮኸዋል። ሪህ የሚባለው ይህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከመቶ አዋቂዎች ወደ 16 የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ አንድ ሰውም በቀን በአማካይ ወደ 8 ግራም ጨው እንደሚመገብ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ግፊት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ አያመውም፤ ስለማያመውም ሚጥሚጣውንና አዋዜውን አይቀንስም። የሚያውቀው እጁ ሲዝል፣ አፉ ሲጣመም ነው።

ጥሬ ሥጋ ለሚወዱም አንድ ቃል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ መራራውን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ወደው አልነበረም፤ የኮሶ ትል ከጥሬ የከብት ሥጋ ስለሚገኝ ነው። ያልተመረመረ፣ የቄራ ማኅተም የሌለው ሥጋ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ከጓሮ የሚገዛ ሰው ከትሉም አልፎ አባ ሰንጋን ቤቱ ሊያስገባ ይችላል።

ልጆቻችንን ደግሞ ከሕፃንነታቸው እያስለመድናቸው ነው። ልደት ሲሆን ኬክ፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ፤ ያለቀሰ ሲባበል ለስላሳ፤ ፈተና ያለፈ ሲሸለም ለስላሳ። በተለመደው ቅመራ አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጎረምሳ ሳይሆን ወገቡ የሰፋ ልጅ ስናይ «ደልቶታል» ብለን ደስ ይለናል። ደስ ሊለን አይገባም።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝን ልናገር። ከመጠን በላይ የምንበላው ሁልጊዜ ሆዳችን ፈልጎ አይደለም፤ ሰው አስገድዶን ነው፣ ወይም እኛ ሰውን አስገድደን ነው። አንድ የሠርግ ምላሽ ላይ የሆነውን ላንሣ። የተከበሩ አዛውንት ናቸው፤ ስኳር እንዳለባቸው ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ሳህናቸውን ገፋ አድርገው እጃቸውን በሶፍት እየጠረጉ ነው። የወንድማቸው ልጅ በወጥ የራሰ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ቆመች። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ! በሞቴ!» «ተይኝ ልጄ፣ በቃኝ፤ ሐኪሙም ከልክሎኛል።» «አፈር ስሆን! ለዛሬ ብቻ፤ ሐኪም በሠርግ ቀን ምን ያውቃል!» ዙሪያው ሳቀ። እንዳያሳፍሯት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተባለና ሁለተኛው መጣ፤ ሁለተኛውን ያየች ሌላዋ ዘመድ «የሷን በልተው የኔን ሊመልሱ ነው?» ብላ ሦስተኛውን አመጣች። ሁሉም ያደረጉት ከፍቅር ነው። እኚያ ሰው ግን ማታ ቤታቸው ገብተው ስኳራቸውን ሲለኩ አብሯቸው የተቀመጠ የለም።

ጉርሻ ከባህላችን ሁሉ እጅግ የምወደው ነው፤ በገዛ እጅ ጠቅልሎ ማጉረስን የሚያህል የፍቅር ምልክት አላውቅም። ነገር ግን ፍቅር የሰውየውን ቃል ይሰማል። «በቃኝ» ያለን ሰው እስኪጨነቅ ማስገደድ፣ የታመመን ሰው ከመድኃኒቱና ከይሉኝታው መካከል ማቆም፣ ያልጠጣን ሰው «ወንድ አይደለህም ወይ» ብሎ ማስጠጣት ደግነት አይባልም። በተለይ በመጠጥ። ስንት ሰው ነው አልጠጣም ብሎ ወስኖ መጥቶ በጓደኞቹ ግፊት ሰክሮ መኪና የሚያስነሣው? የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ እኛ ግን በድግስ ቀን የ15 ዓመት ልጅ «ቅመስ፣ በዓል ነው» እንላለን። ሕጉ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ ሳሎናችን ውስጥ የምናስከብረው እኛው ነን።

ከዚህ ሁሉ ማዶ ጎረቤት አለ። ከሥጋ ቤቱ መስኮት ውጭ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጠው ልጅ የሚያየው የእኛን አፍ ነው። በየሰፈሩ ቡሌ የሚሸጥበት ጥግ አለ፦ ከሆቴልና ከምግብ ቤት የተራረፈው እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተጋጠ አጥንት በአንድ ባልዲ ተደባልቆ በፌስታል እየተሰፈረ ለጎዳና ልጅና ለቀን ሠራተኛ ይሸጣል። ልብ በሉ፣ በነፃ አይሰጥም፤ ይሸጣል። እኛ ከልክ በላይ አዘን ነካክተን የተውነው ነው ለሌላው በገንዘብ የሚገዛ ራት የሚሆነው። ከጀሞ ብዙም በማይርቀው ቆሼ ደግሞ ከከተማው ቆሻሻ መካከል የሚበላና የሚሸጥ ነገር ሲለቅሙ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለ ሰዶም ኃጢአት ሲነሣ ሐሳባችን ቶሎ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 ከዘረዘረው ውስጥ ግን ትዕቢት፣ ጥጋብና የድሀውን እጅ አለመደገፍ አሉበት።

ይህች አገር ጥጋብና ረሃብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን እንደሚመጣ በዓይኗ አይታለች። የወሎ ሕዝብ ሲረግፍ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ከሚሞቱት ሕፃናት ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ለውሾች የሚሰጠው ሥጋ እየተጨመረ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያንን ፊልም ለሕዝብ ያሳየው ደርግ ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ የኮረም መጠለያ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። የሌላውን ጥጋብ አይቶ የፈረደ በራሱ ተራ ያንኑ ደገመው።

ሌላ ዓይነት ምሳሌም አለን። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ሕዝቡ ሲራብ ዳግማዊ ምኒልክ የሕዝቡን መከራ ለመካፈል የበሬ ሥጋ አልበላም እንዳሉ፣ መኳንንቱም ሥራ እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። በዚያ ዘመን ትልቁ ግብር የሚበላው በእሳቸው አዳራሽ ነበር፤ መከልከል የሚችል የለም። ራሳቸውን ከለከሉ። ዛሬ ቀን በቀን የምንሰማው የኑሮ ውድነት ባለበት፣ በየክፍለ ከተማው በተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት በቀን አንዴ ለመብላት ሰው በሚሰለፍበት ከተማ፣ እኛስ ከሦስቱ ኪሎ አንዱን መተው ያቅተናል?

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ቤቱን ያውቀዋል። ለአንድ ቀን ድግስ ከሥራ ቦታ ቁጠባ ተበድሮ ዓመት ሙሉ ከደመወዙ የሚቆረጥበት፣ ለተዝካር በሬ ጥሎ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያዘገይ ሰው ለሟችም ለቋሚም አልጠቀመም። በዕዳ የተበላ ድግስ ደግሞ በሚቀጥለው ባለድግስ ላይ ፉክክር ይጭናል፤ ጎረቤትየው ከዚያ አንሶ መታየት ይፈራል። መጀመሪያ የሚቀንስ ደፋር ሰው ያስፈልገናል።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ሥጋ ቤት ስንቀመጥ ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ እንዘዝ፤ ካነሰ ይጨመራል፣ ሱቁ የትም አይሄድም። የተረፈን ንጹሕ ምግብ ሳንነካካው አሽገን እዚያው ሰፈር፣ በዚያው ምሽት፣ ሳይበላሽ ለሚበላው እንስጥ። ቀስ ብለን እንብላ፤ ወግ እያወራን፣ ሃያ ደቂቃውን ለሆዳችን እየሰጠን። የፋሲካን ሌሊት በተልባና በትንሽ ምግብ እንጀምር፤ ዶሮው የትም አይበርም፣ ጠዋት ይደርሳል። በልተን ወዲያው አንተኛ። ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ይነጋገር፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይማከር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጨካኝ አይደለችም። ጾሙም ቢሆን በዘይት የተጠበሰ በያይነቱ ሁለት ትሪ የሚበላበት ከሆነ ትርጉሙን እንደሚያጣ አንርሳ።

ባለቤት የሆናችሁ እናቶችና እህቶች፣ ጋባዥ የሆናችሁ ወንድሞች፣ እናንተን ለብቻ እለምናለሁ። እንግዳ «በቃኝ» ሲላችሁ አንድ ጊዜ ለወጉ ጠይቁት፤ ሁለተኛ ከመለሰላችሁ ሳህኑን አንሡለት። ውኃ አቅርቡለት። ለስላሳ ከምትሰጡት ውኃ ብትሰጡት ማንም ስስታም አይላችሁም። ተጋባዦችም ያልበላነውን በጋባዧ ላይ አናማርር፤ «ምነው ድግሷ ሳሳ» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት ሴቶቻችንን ዕዳ ውስጥ የምትከተው። ልጆቻቸውን መቄዶንያ መርጃ ማዕከል ወስደው ከአረጋውያኑና ከሕሙማኑ ጋር ልደት የሚያከብሩ ወላጆች በዝተዋል፤ ልጁ በዕለቱ ብዙ ባይበላም ማጉረስን ይማራል። ይህ በየቤቱ ይለመድ።

ከሁሉ ግን ወደ ቅርጫችን እንመለስ። ቅርጫ አባቶቻችን ካቆዩልን የልክ ሥርዓቶች አንዱ ነው፤ አንድ በሬ ለብዙ ቤት በመደብ ይከፈላል፣ ሁሉም እኩል ይደርሰዋል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ሻኛውን ለብቻዬ የሚል የለም። የጀሞና የጎፋ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ዛሬም ኮሚናል በሚባለው የጋራ ቤት ደጃፍ ተሰብስበው ያርዳሉ። በየሕንፃው ለቅርጫው ማዋጣት ያልቻለ ቤት አለ፤ ጡረተኛ አለ፣ ከሥራ የተቀነሰ አለ፣ ባሏ የሞተባት አለች። ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም። ለሚመጣው ፋሲካ ቅርጫ ስትገቡ ከመደቦቹ አንዱን በጋራ ሸፍናችሁ ለየትኛው ቤት እንደምትሰጡ፣ ማንስ በጸጥታ እንደሚያደርሰው፣ በሬው ሳይገዛ ከአሁኑ ተነጋገሩ።